ለግንዱ የተተወ ድምፅ

ወንድሜ ፒያኖ ሲለማመድ ዘፈን አይጫወትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ «ታድለሽ፣ ቤትሽ ሙዚቃ አይጠፋም» ስለሚለኝ ነው። ወይ መታደል እቴ! ሦስት ኮርድ ይመታል፣ ያቆማል። እነዚያኑ ሦስቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመታል፣ ያቆማል። ደግሞ ከፍ። ሁሉንም መነሻ ድምፆች አዳርሶ ሲጨርስ፣ እፎይ ልል ስል፣ አቀማመጡን ገልብጦ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሦስቱን ኮርዶች «ሁለት፣ አምስት፣ አንድ» ነው የሚላቸው እሱ፤ ጃዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ በዚች መንገድ ሳይመላለስ አይውልም አሉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ቁልፍ ተክዬ ስጨርስ ጨረስኩ እላለሁ እንጂ እሱኑ ነቅዬ መልሼ አልተክልም።

የምንውልበት ክፍል አንድ ነው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዬ፣ በግድግዳው በኩል ፒያኖው፣ በመካከላችን ደንበኛ ራሱን የሚያይበት ረጅም መስታወት። ስሰፋ ጀርባዬን ለወንድሜ ሰጥቼ ነው፤ በመስታወቱ ግን እጁን አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። ማዕዘኑ ላይ፣ ቆመው የሚጫወቱት ባለ ወፍራም ክር መሣሪያ፣ ትልቁ ቤዝ አለ፣ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ እኔው በሰፋሁለት አረንጓዴ ልብስ ተሸፍኖ። እሱ የባሌ ነው።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ ታላቄ ነው። ሚስት አላገባም። ጎረቤት «ፒያኖ አግብቶ» ይለዋል፤ ከሰው ፊት እቆጣላቸዋለሁ፣ ውስጥ ውስጡን ግን እውነታቸውን ነው። በወጣትነቱ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ደርዳሪ ነበር። ፒያኖውን ያገኘው አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዕቃው ሲወጣ፣ የሚሸከመው ሰው ጠፍቶ ነው፤ ዛሬም የክዳኑ ጠርዝ ላይ የልጆች ጥርስ ምልክት አለ። ያስተማረው የለም። ሬዲዮ ላይ ጃዝ ከሰማ ከእጁ ያለውን ጥሎ ይሮጥና ድምፆቹን ከፒያኖው ላይ አንድ በአንድ ይለቅማል። ምሳ ላይ ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይመታሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ የፊቱን ወንበር ጀርባ ይመታሉ። አንድ ቀን ከፊቱ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ ምን ፈለግህ አለችው። ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመታት ዝም በል ለማለት ወለላቸውን በከዘራ ይደበድቡ ነበር፤ እያደር ከዘራቸው ምቱን ጠብቆ ማረፍ ጀመረ። ጋሼ ሳይለማመድ የቀረ ቀን ራሳቸው ወርደው አሞሃል ወይ ብለው ጠየቁት።

ኮርድ ምን እንደሆነ ያስረዳኝ በመጋዘን ቋንቋ ነው። አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ናቸው፤ እንደ ተደራረቡ ሣጥኖች አስቢያቸው አለኝ። ከታች ሆኖ ሌሎቹን የሚሸከመው ከባዱ ሣጥን መሠረቱ ነው። ሣጥኖቹን ገለባብጠሽ የታቹን ላይ፣ የላዩን ታች ማድረግ ትችያለሽ፤ ዕቃው ያው ነው፣ አደራደሩ ነው የተለወጠው። ደህና አድርጎ የገለበጠ ሰው ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ሲሄድ እጁ አይዘልም። አንዱ ጣት ባለበት ይቀመጣል፣ አንዱ ወደ ጎኑ ፈቀቅ ይላል፣ አለቀ። «ጥሩ እጅ ከቤት አይወጣም» ይላል ጋሼ። ዕድሜውን የፈጀው እጁን ከቤት እንዳይወጣ በማስለመድ ነው።

ባሌን ይዞት የመጣው እሱ ነው። ሆቴሉ በመመገቢያ አዳራሹ ማታ ማታ የሚጫወት ሰው ሲፈልግ ጋሼን ወሰዱት፤ ጋሼ ደግሞ ቤዝ የሚጫወት ሰው ፈለገ። የመጣው ሰውዬ በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ግንዱ ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና እናቱ ብቻ ነን ብል ማጋነን አይሆንም። የመሣሪያው ልብስ ተቀዶበት ነበርና ሌላ ስፊልኝ አለኝ። ሜትሬን ይዤ ያንን ትልቅ ዕቃ ወገቡን፣ ትከሻውን፣ አንገቱን ስለካ እሱ አጠገቤ ቆሞ ይስቃል። ለመሣሪያው ልብስ ስለካ ከባለቤቱ ጋር ቀረሁ።

በሁለቱ መካከል ስምምነት ነበር። ቤዝ ካለ ፒያኖ ታች አይወርድም፤ መሠረቱ የግንዱ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው የጋሼ። ለዚህ ሲል ጋሼ ልምምዱን ሁሉ መሠረቱን ትቶ፣ የቀሩትን ድምፆች ብቻ እየገለባበጠ ነበር የሚያደርገው። አንዳንዴ ግራ እጁ ተሳስቶ ወደ ታች ከወረደ ግንዱ ክሩን ለቆ ቀጥ ብሎ ይቆምና «ሄጄ ልተኛ እንዴ?» ይለዋል። ጋሼ ሳቁን እያፈነ እጁን ይመልሳል። ቀልዱ ለእነሱ አላረጀም፤ ያሰለቸው እኔን ነው። አንድ ጊዜ ትልቅ ባንድ ያለው ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ጋሼን ለብቻው ሊወስደው ፈልጎ ነበር። ጋሼ እኔ ግማሽ ሰው ነኝ፣ ግማሼ እዚያ ቆሟል ብሎ ወደ ግንዱ አመለከተው። ሰውዬው ሳቀ፣ ጋሼ አልሳቀም።

ግንዱ ያረፈው ጠዋት ነው። እኔ ሻይ እያፈላሁ ነበር፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። አንዱን አስሮ ሌላውን ሳያስር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የሌላ ሰው ታሪክ የነገሩኝ ይመስል ነው የማስታውሰው። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውኝ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ይሉኛል፤ እኔ የአንዷ ቀሚስ ጠርዝ መተርተሩን እያየሁ ነበር። ጋሼ ቀብሩ ላይ እጁን ከሱሪው ኪስ አጠገብ አድርጎ ቆሟል፣ ጣቶቹ ጭኑ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አላለቀስኩም። ልቧ ድንጋይ ነው ያለች አለች፣ ሰምቻለሁ። እርሟን አላወጣችም፣ አንድ ቀን ይጥላታል ያለችም አለች። እኔ ግን ድንጋይም አልሆንኩ፤ ምንም አልሆንኩም። እበላለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እተኛለሁ። አንድ ቀሚስ ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍቼ ደንበኛዬ ለብሳው መስታወቱ ፊት ቆመች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ የምፈርስበት ነገር ነው፣ ዝም ብዬ ፈታሁት። ወሬውን ያልሰማ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ግንዱ አለ ወይ ሲለኝ የለም እላለሁ፣ ሱቅ የሄደ ይመስል። ሞተ የሚለው ቃል አንድ ቀንም ከአፌ አልወጣም። እኔን የሚመለከተኝ ቃል አልመሰለኝም።

ጋሼ በሳምንቱ ፒያኖውን ከፈተ። ሁለት፣ አምስት፣ አንድ። ድሮ ቢሆን አንተ ሰው ነህ ብዬ ክዳኑን ጣቱ ላይ እዘጋበት ነበር፤ መናደድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ንዴቱ ግን አልመጣም። ሆቴልም ለብቻው መሄድ ጀመረ። ሌላ ቤዝ ተጫዋች እንፈልግልህ ቢሉት አልፈልግም አላቸው። ቀን እኔ ስሰፋ እሱ ሲመታ እንውላለን፣ ሳንነጋገር። ለእኔ ቤታችን እንደ ድሮው ነበር። እውነቴን ነው፣ በጆሮዬ የጎደለ ነገር አልነበረም።

የሆቴሉ አዳራሽ ኃላፊ ደንበኛዬ ናት፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ልበ ደግ ሴት። አንድ ከሰዓት በኋላ የሥራ ኮቴን ወገቡን ያጥብቡልኝ ብላ መጣች። መስታወቱ ፊት አቁሜ ስለካት፣ ጋሼ ከኋላችን በዚያችው መንገዱ ሲመላለስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሆቴሉ ያለ ሰው ሙዚቃ የሚያጫውት የድምፅ ሳጥን ገዝቷል። ባለቤቶቹ ዓርብ ማታ መጥተው እራት እየበሉ ጋሼን ይሰሙታል፤ ካልጣማቸው በዚያው ያሰናብቱታል። አስተናጋጆቹ ያውቃሉ፣ ኩሽናው ያውቃል፣ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልትነግረው ሞክራ አፏ እምቢ ስላላት እኔ እንድነግርላት ለመነችኝ።

ምን አጠፋ አልኳት። ጋሼ ያለዚያ አዳራሽ ምንም የለውም፤ ጡረታ የለው፣ ልጅ የለው። ቀን የሚደክመው ማታ ሰው እንዲሰማው ነው። ማታውን ከወሰዳችሁበት ቀኑን ምን ሊሠራበት ነው?

ምንም አላጠፋም አለች። ግን ሰዉ ሹካውን ይዞ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስላታል። ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻዋን ደረጃ እግር ሲያጣት እንዳለው ነው አለችኝ። «ከታች ምንም የለም እትዬ።»

ይሄኔ ተናደድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ ራሴንም ገረመኝ። በከንፈሬ የያዝኳቸውን መርፌዎች አውጥቼ፣ እንዴት የለም፣ ስሚው እንጂ ልጄ አልኳትና መርፌዎቹን መልሼ በከንፈሬ ይዤ ጣቴን አነሳሁ። ጋሼ ሁለትን መታ፤ በጣቴ ይኸው አልኳት። አምስትን መታ፤ ይኸው። አንድን መታ፤ ይኸው። እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ እያለ የለም ይባላል? ቀና ብዬ ሳያት እሷ የምታየው ፒያኖውን አይደለም፣ አፌን ነው።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያንን ድምፅ እኮ በጉሮሮዎ የሚያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ጉሮሮዬን ያዝኩት። ጋሼ እንደገና መታ። ሁለት። አምስት። አንድ። ከታች ምንም አልነበረም። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሬ እያወጣሁ የኮቷን ወገብ ያዝኩላት። ቁጭ እንዳለች ሰፍቼ ሰጠኋት።

እንደወጣች ለጋሼ ነገርኩት፣ የሳጥኑንም፣ የዓርቡንም፣ የአፌንም። እጁን ከፒያኖው ሳያነሳ ሰማኝ። ሁሉንም ያውቅ ኖሯል፤ ዘበኛው ቀድሞ ነግሮታል። አውቀህ ነው ወይ አልኩት። አውቀህ ነው መሠረቱን የተውከው? ሌላ የሚመታልህ ሰው የለ፣ ግራ እጅህን ትንሽ ዝቅ ብታደርግ ማን ይከለክልሃል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ጮህኩበት። ዝም ሲለኝ ደግሞ ይብስብኛል፣ አፌን የሚያቆመው የለም። ሜዳ ላይ ቀርተህ እኔ ላይ እንዳታለቅስ አልኩት። ከላይ ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን ነካ አደረጉ፣ ምነው ሙዚቃው ቆመ ለማለት ይመስለኛል።

ጮኼ ጨርሼ ስቀመጥ ነው የተናገረው፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

«ፒያኖውን በሳምንቱ የከፈትኩት ለዘለዓለም ልዘጋው ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ዳስሼው ለሚወስደው ሰው ልሰጠው። ሁለት፣ አምስት፣ አንድ መታሁ፤ ከመኪናሽ በኩል ግንዱን ሰማሁት። በመስታወቱ ሳይ አንቺ ነሽ፣ ጨርቅሽ ላይ ጎንበስ ብለሽ። ስንት ቀን ቃል ሳይወጣሽ ቆይተሽ እኮ ነው። እኔ ስመታ ብቻ ነው ድምፅ የሚወጣሽ። መሠረቱን እኔ ከመታሁት ዝም ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ለካ እኔ እሱን ስታገሰው እሱ እኔን እየታገሰኝ ኖሯል። ሆቴልስ አልኩት፣ እዚያ እኔ የለሁ። እጅ ቤት የለመደውን ነው ደጅ የሚያደርገው አለኝ። ሞክሮ እንደነበርም ነገረኝ፤ ግራ እጁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ግንዱ ከኋላው ሆኖ ሄጄ ልተኛ እንዴ ይለዋል።

ማዕዘኑን አየሁት። የአረንጓዴው ልብስ ትከሻ አቧራ ይዟል። ቤቴን በየቀኑ እጠርጋለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ እሱን ግን ነክቼው አላውቅም።

«ይተኛ ጋሼ» አልኩት። «በቃ፣ ይተኛ።»

እስከ ዓርብ የነበረውን ላሳጥረው። ከቤት የማይወጣው እጅ ደጅ መውጣት ጀመረ። ግራ እጁ ታች ወርዶ መሠረቱን መትቶ ወደ ቀሩት ድምፆች እስኪመለስ ቀኝ እጁ ይቀድመዋል። ተሳሳተ፣ ደገመ፣ ተሳሳተ። የለመዳቸውን ግልበጣዎች ሁሉ ከአዲሱ መሠረት ጋር እንዲስማሙ እንደገና መደርደር ነበረበት፤ ሽበታም ጀማሪ ማየት ያሳዝናል። ማዘን ያለብኝ ሰዓት እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ አላዘንኩም። እኔም የራሴ ልምምድ ነበረኝ። እሱ ሲመታ ጉሮሮዬ ሳልጠራው ይመጣል፤ እንዳይመጣ ክር በጥርሴ ነክሼ እሰፋለሁ። ሐሙስ ላይ ክሩን ሳልነክስ ዝም ማለት ቻልኩ። ጋሼ በመስታወቱ አየኝና ቀጠለ።

ዓርብ ማታ ቤት ልቀር ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር አየሁትና ኮቴን ለበስኩ።

አዳራሹን ከግንዱ ወዲህ አላየሁትም። ጠረጴዛዎቹ ያው ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ጠርዙ የእኔ ስፌት አይደለም፣ ያስታውቃል። ፒያኖው አጠገብ፣ ግንዱ ይቆምበት በነበረው ቦታ፣ አዲሱ ሳጥን በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ቆሟል። ኃላፊዋ ምሰሶው ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ ሰጠችኝ፣ ሾርባም አዘዘችልኝ። ባለቤቶቹ መሃል ላይ ናቸው፤ አንድ ሽማግሌ፣ ሚስታቸውና ትልቁ ልጃቸው። ልጅየው ስልኩን ያያል።

ጋሼ ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሁለቴ ተሳሳተ፣ ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። ከዚያ እጁ ሞቀለት። መሠረቱ በየቦታው መጣ፤ ሰዉ ሹካውን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ያወራል፣ ይስቃል። የሽማግሌው ሚስት እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር መታ መታ ይላል። ሾርባዬን ጠጣሁ፣ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም። ወደ መጨረሻው ላይ ኃላፊዋ በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ ሳጥኑን መኪና ማቆሚያው ጋ ውሰዱት ብለዋል፣ ጋሼን አይነኩትም አለችኝ። እሰይ አልኳት፤ እሰይ የሚባልበት ቦታ ስለሆነ።

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ እንደ ሁልጊዜው ሁለት፣ አምስት፣ አንድ ነው። ሁለትን ከነመሠረቱ መታ። አምስትን ከነመሠረቱ መታ። አንድ ላይ ሲደርስ በቀኝ እጁ የላዮቹን ድምፆች ብቻ ይዞ ግራ እጁን አየር ላይ አቆየው። ዞር ብሎ ወደ ምሰሶው አየኝ። ገባኝ፤ ለእኔ ነው የተወው። ሰው ሁሉ እያወራ ነው፣ ማንም አይሰማኝም፣ መሠረቱን በጉሮሮዬ ላወጣው እችል ነበር። የግንዱን ድምፅ ደረቴ ውስጥ ፈለግሁት፣ ሁልጊዜ ከሚመጣበት። አልመጣም። ጠበቅሁት። ጋሼም ጠበቀ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና የግራ እጁን ትንሽ ጣት ታች አሳረፈ።

ድምፁ በወለሉ በኩል መጥቶ በእግሬ ገባ። እንባዬ እንዴት እንደጀመረ አላየሁም፣ ሾርባው ውስጥ ሲንጠባጠብ ነው ያወቅሁት። ቀጥሎ ጩኸትም መጣ፤ በሁለት እጄ አፌን ብይዘው አልመለስ አለኝ። አንድ አስተናጋጅ ሮጦ መጣ፣ አዲስ ነው፣ አያውቀኝም። አሞዎት ነው ወይስ ሾርባው ነው አለኝ።

«ባሌ ሞተ» አልኩት።

ሰውዬው ደነገጠ። «መቼ?»

«አሁን።»

ሳህኑን አነሳልኝና ሄዶ ውሃ አመጣልኝ።